አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ የአንድ አሰልጣኝ ድርሻ ስንት ነው?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲያትል ውስጥ ሐበሻ ቡና ይዞ ሲቀመጥ ድምፁን ከፍ የሚያደርግባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በ2008 ከከተማችን ተነቅሎ ኦክላሆማ ሲቲ የገባው የሱፐርሶኒክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ይመስላሉ። ክርክሩን ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን ከሥር ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንድ ቡድን ሲያሸንፍ ምስጋናው፣ ሲሸነፍ ደግሞ ወቀሳው፣ ስንት እጁ የመሪው ነው? አንዱ «ሁሉም ነገር አሰልጣኙ ነው» ይላል። ሌላው «ማይክል ጆርዳን ካለህ እኔም አሰልጥኜ ዋንጫ እበላለሁ» ብሎ ይስቃል። ቡናው ያልቃል፤ ክርክሩ አያልቅም።

ሙያዬ ምህንድስና ነው። መሐንዲስ ማሽን ሲበላሽበት «ጥፋቱ የማን ነው?» ከማለቱ በፊት «ከክፍሎቹ አንዱን ብቻ ለውጬ ሌላውን እንዳለ ብተወው ምን ይሆናል?» ብሎ እንዲጠይቅ ሆኖ ነው የሚሠለጥነው። በሰው ልጅ ጉዳይ እንዲህ ያለውን ሙከራ ማንም ሊሠራ አይፈቀድለትም። ታሪክ ግን አልፎ አልፎ ሙከራውን ራሷ ትሠራልናለች። የሲያትል ቅርጫት ኳስ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ተጫዋቾቹ እንዳሉ አሰልጣኙ ብቻ የተለወጠባቸው፣ አሰልጣኙ እንዳለ ደግሞ ተጫዋቾቹ ብቻ የጎደሉባቸው ዓመታት አሉት። እነዚህን ዓመታት አንድ በአንድ እንመልከታቸው። ጉዳዩን የማነሳው ለስፖርት ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ልናገር፤ በዚህ ጥያቄ የተነሳ እኔ ራሴ የአንድ ሰው ባለዕዳ ነኝ። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

5 ለ 17

በ1977 መጨረሻ ላይ ሱፐርሶኒክስ የከተማው መሳለቂያ ነበር። በአዲሱ አሰልጣኝ በቦብ ሆፕኪንስ ሥር ከተጫወታቸው 22 ጨዋታዎች ያሸነፈው 5ቱን ብቻ ነው። በኖቬምበር ማለቂያ ሆፕኪንስ ተሰናበቱና የቡድኑ የተጫዋቾች ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሌኒ ዊልከንስ ቦታውን ያዙ። ዊልከንስ ዴኒስ ጆንሰንንና ጋስ ዊሊያምስን፣ ኋላም ወጣቱን ጃክ ሲክማን ቋሚ ተሰላፊ አደረጉ። ነባሩን አነጣጣሪ ፍሬድ ብራውንን ደግሞ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ ጨዋታ እንዲለውጥ አደረጉት። በቀሩት 60 ጨዋታዎች ቡድኑ 42ቱን አሸነፈ። በዚያው ዓመት እስከ ፍጻሜ ደርሶ በ7ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ በዋሽንግተን ቡሌትስ 105 ለ 99 ተረታ። በዓመቱ፣ በ1979፣ ያንኑ ቡድን 4 ለ 1 አሸንፎ ለሲያትል የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የኤንቢኤ ዋንጫ አመጣ።

«ሁሉም ነገር አሰልጣኙ ነው» ለሚለው ወገን ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ያው ናቸው፤ ኳሱም ሜዳውም ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ዕድል ነው እንዳንል ስሌቱ አይፈቅድልንም። በዓመቱ ጠቅላላ ውጤቱ 47 ለ 35 የሆነ ቡድን በ22 ጨዋታ ውስጥ በአማካይ 12 ወይም 13 ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት። 5 ብቻ ማሸነፍ በዕድል ብቻ ሊደርስ የሚችለው ከብዙ መቶ አንድ ጊዜ ነው።

ሆኖም ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት በአዳዲስ ተጫዋቾች የተሞላ ነበር፤ ገና እየተዋወቁ ነበርና ጊዜው ራሱ ሥራውን ይሠራ ነበር። ሁለተኛ፣ ዊልከንስ ከውጭ የመጡ ተአምረኛ አልነበሩም፤ አሰልጣኝ ከመሆናቸው በፊት ተጫዋቾቹን በመመልመል ሥራ ላይ ነበሩ። ማን ምን እንደሚችል ያውቁ ነበር። እንግዲህ የሠራው «አሰልጣኝነታቸው» ነው ወይስ «ሰዎቹን ማወቃቸው»? ይህን ጥያቄ እንያዘው።

ያው ሰው፣ የጎደለ ቡድን

አሁን ተቃራኒውን ሙከራ እንይ። በ1979/80 የዊልከንስ ቡድን 56 ጨዋታ አሸነፈ። በ1980 በጋ ዴኒስ ጆንሰን ወደ ፊኒክስ ተሰጠና በምትኩ የመጣው ፖል ዌስትፋል አብዛኛውን ዓመት በጉዳት ተቀመጠ። ጋስ ዊሊያምስ ደግሞ በውል ክርክር ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ውጤት፦ 34 ድል፣ 48 ሽንፈት። በ1981/82 ጋስ ዊሊያምስ ተመለሰ። ውጤት፦ 52 ድል፣ 30 ሽንፈት።

56፣ 34፣ 52። በሦስቱም ዓመት አሰልጣኙ ሌኒ ዊልከንስ ናቸው። በ1979 ዋንጫ ያነሱት ሰው በ1981 ምን ረሱ? በ1982ስ ምን አስታወሱ? ምንም። ሁለት ሰዎች ሄዱ፤ አንዱ ተመለሰ።

ዊልከንስ በኋላ በሌሎች ከተሞችም አሰልጥነው በ1,332 ድል የዘመናቸውን የኤንቢኤ ክብረ ወሰን ይዘው ኖረዋል። 1,155 ሽንፈታቸውም እንዲሁ በዘመናቸው ከማንም የበለጠ ነበር። በጁን 2025 ሐውልታቸው በሲያትል ቆመ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። ከማንም በላይ ያሸነፈ ሰው ከማንም በላይ የተሸነፈም መሆኑ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ብዙ የሚሸነፍ አሰልጣኝ ማለት ብዙ ጊዜ እንዲሞክር የተፈቀደለት አሰልጣኝ ማለት ነው።

አራት ዋንጫ፣ አራት አሰልጣኝ

ስለ ሶኒክስ ስናዝን የምንረሳው ሌላ ቡድን አለን። የሴቶቹ ቡድን ሲያትል ስቶርም አራት ጊዜ ዋንጫ በልቷል፤ በ2004፣ በ2010፣ በ2018 እና በ2020። አሰልጣኞቹ በቅደም ተከተል አን ዶኖቫን (በዚህ ሊግ ዋንጫ ያነሱ የመጀመሪያዋ ሴት አሰልጣኝ)፣ ብራያን አግለር፣ ዳን ሂውዝ እና ጋሪ ክሎፐንበርግ ነበሩ። አራት ዋንጫ፣ አራት አሰልጣኝ። ያልተለወጠው ማን ነው? ኳስ እየነዳች ጨዋታውን የምትመራው ሱ በርድ ናት። በአራቱም ሜዳ ውስጥ ነበረች።

ነገሩን ይበልጥ ጥርት የሚያደርጉት ከ2018 እስከ 2020 ያሉት ሦስት ዓመታት ናቸው። በ2018 በሂውዝ ሥር ውጤቱ 26 ለ 8 ነበር። በ2019 ሱ በርድም፣ የዓመቱ ኮከብ የነበረችው ብሪያና ስቱዋርትም በጉዳት ምክንያት ዓመቱን ሙሉ አልተሰለፉም፤ ውጤቱ 18 ለ 16 ሆነ። በ2020 በወረርሽኙ ዘመን ሊጉ ፍሎሪዳ ውስጥ ተዘግቶ ሲጫወት ሂውዝ በጤና ምክንያት ቀሩና ረዳታቸው ክሎፐንበርግ ተኩ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ግን ተመልሰው ነበር። ውጤቱ 18 ለ 4፣ ዋንጫም ተጨመረበት። አሰልጣኙ ኖሮ ኮከቦቹ ሲጎድሉ ቡድኑ ወረደ፤ ኮከቦቹ ኖረው አሰልጣኙ ሲጎድል ቡድኑ ወጣ።

ታሪክ ሙከራውን እንደገና ደገመችልን። በ2022 በአሰልጣኝ ኖኤል ክዊን ሥር ውጤቱ 22 ለ 14 ነበር። በርድ ጡረታ ወጣች፤ ስቱዋርት ወደ ኒውዮርክ ሄደች። በ2023 ያችው አሰልጣኝ 11 ለ 29 ሆነች። በ2024 ንኔካ ኦጉሚኬና ስካይላር ዲጊንስ መጡ፤ ያችው አሰልጣኝ 25 ለ 15 ሆነች። በ1981 ያየነው ነገር ከ40 ዓመት በኋላ በሌላ ሊግ፣ በሌላ ፆታ፣ በሌላ አሰልጣኝ መልኩን ሳይለውጥ ተመለሰ። በእኛ ሙያ አንድ ውጤት በተለያየ ሁኔታ ሲደገም ነው ማመን የምንጀምረው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን አንድ ነገር ልጨምር። በርድ ብቻዋን ተአምር አልሠራችም፤ በ2015 እሷ እየተጫወተች ቡድኑ 10 ለ 24 ሆኗል። ዋንጫዎቹ የመጡት መጀመሪያ ሎረን ጃክሰን፣ ኋላ ደግሞ ስቱዋርት አብረዋት ሲሆኑ ነው። ድር ቢያብር ነው አንበሳ የሚያስረው።

ለምን ቅርጫት ኳስ?

የተጫዋች ክብደት በቅርጫት ኳስ ይህን ያህል የሚጎላበት ምክንያት ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ያሉት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጨዋታው 48 ደቂቃ ሲሆን ኮከቡ ከ35 ደቂቃ በላይ ይጫወታል፤ ሲያጠቃም ሲከላከልም እሱው ነው። እግር ኳስ ላይ አንድ ድንቅ አጥቂ ከ11 አንዱ ነው፤ ኳስ ሳይነካም ሊውል ይችላል። በአሜሪካ ፉትቦል ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ትእዛዙ ከአሰልጣኞቹ ይመጣል። በቅርጫት ኳስ ግን 24 ሰከንዱ መቁጠር ከጀመረ ወሳኙ ኳሱን የያዘው ሰው ነው።

የዕድል ሒሳብ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይፈቀድልኝ። አንድ ፍጹም መካከለኛ ቡድን እናስብ፤ እያንዳንዱ ጨዋታው ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ግማሽ በግማሽ። በ82 ጨዋታ በአማካይ 41 ያሸንፋል። ነገር ግን በዕድል ብቻ ከዓመት ዓመት የሚዋልለው መጠን (በስታትስቲክስ ቋንቋ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ) 4 ከግማሽ ድል ያህል ነው። ይህም ማለት ከ20 ዓመት በ19ኙ ውጤቱ ከ32 እስከ 50 ድል ባለው ክልል ውስጥ ይዋዥቃል። 32 ያሸነፈ ቡድን አሰልጣኙን ያባርራል፤ 50 ያሸነፈ አሰልጣኙን ይሸልማል። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ቡድን ሊሆኑ ይችላሉ!

አሁን አንድ ጥሩ አሰልጣኝ ከአንድ መካከለኛ አሰልጣኝ በዓመት 4 ድል ይበልጣል እንበል። ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ አንድን ቡድን ከጥሎ ማለፉ ውጭ ከመቅረት ሊያድነው ይችላል። ይህን ልዩነት በውጤት ሰንጠረዥ ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት ለመለየት ለእያንዳንዳቸው ስንት ዓመት ያስፈልጋል? ሒሳቡ የሚሰጠው መልስ 10 ዓመት ገደማ ነው። ባለቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታገሡት ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ያለ ሚዛን ወርቅ እንደ መመዘን ያለ ነገር ነው።

ዕድል ሲባል ደግሞ ረቂቅ ነገር አይምሰለን። በ1978 በዚያ በ7ኛው ጨዋታ ዴኒስ ጆንሰን 14 ጊዜ ወርውሮ አንድም ሳያገባ ቀረ። በዓመቱ ያው ልጅ በዚያው አሰልጣኝ ሥር የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ከ14ቱ አራቱ ገብተው ቢሆን ኖሮ ዊልከንስ በሲያትል የሁለት ዋንጫ አሰልጣኝ ይባሉ ነበር፤ በአሰልጣኝነታቸው ላይ ግን ቅንጣት የሚጨመር ነገር አልነበረም።

ሌላም ወጥመድ አለ። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከታች ሲደርስ ነው። ከታች የደረሰ ነገር ደግሞ ምንም ባይደረግለት እንኳ ወደ ልኩ የመመለስ ዝንባሌ አለው። ጉንፋን በያዘን በአምስተኛው ቀን የጠጣነው ነገር ሁሉ መድኃኒት የሚመስለን ለዚህ ነው። ባስ ተር ዌል የተባለ ኢኮኖሚስት የሆላንድን እግር ኳስ አጥንቶ፣ አሰልጣኝ ያባረሩትን ቡድኖች እንዲሁ ወድቀው ካላባረሩት ጋር ሲያነጻጽር፣ ያላባረሩትም አገግመዋል፤ ማባረሩ የተለየ ጥቅም አላመጣም።

ታዲያ አሰልጣኝ ከንቱ ነውን?

አይደለም። «እኔም አሰልጥኜ ዋንጫ እበላለሁ» የሚለው ወዳጄም ተሳስቷል።

ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ቤሪና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት የኤንቢኤ ተጫዋቾች ከአንድ አሰልጣኝ ወደ ሌላ ሲዛወሩ የግል ብቃታቸው ይለወጥ እንደሆነ መረመሩ። ለአብዛኞቹ አሰልጣኞች ልዩነት አላገኙም፤ ለጥቂቶች፣ ከእነዚህም ለፊል ጃክሰን፣ አገኙ። በሌላ በኩል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክሪስቶፈር ቤሪ (የስም መመሳሰል ነው) እና አንተኒ ፋውለር በሌላ ዘዴ የቡድን ውጤትን መርምረው በአብዛኞቹ ስፖርቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው የውጤት ልዩነት ከአሰልጣኝ ጋር እንደሚያያዝ ገምተዋል። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ግን የለኩት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የጠየቀው «አሰልጣኙ ተጫዋቹን የተሻለ ያደርገዋል ወይ?» ብሎ ነው፤ ሁለተኛው «ቡድኑን የተሻለ ያደርገዋል ወይ?» ብሎ ነው። አሰልጣኝ አዋቂ ሰውን አዲስ ሰው አያደርገውም። ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ለምን ሥራ እንደሚሰለፍ ግን እሱ ይወስናል። ዊልከንስ በ1977 የሠሩት ይህንኑ ነው።

የጆርጅ ካርልን ዘመን እንይ። በ1991/92 ሶኒክስን የያዙት ኬ.ሲ. ጆንስ ነበሩ፤ በቦስተን በ1984 እና በ1986 ዋንጫ ያነሱ ትልቅ ሰው። በሲያትል ውጤታቸው 18 ለ 18 ሆኖ ተሰናበቱ። (ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ ዋንጫውን በሻንጣው ይዞ እንደማይዞር ልብ ይሏል።) ካርል መጥተው የዓመቱን ቀሪ 27 ለ 15 ጨረሱ። ረዳታቸው ቦብ ክሎፐንበርግ የነደፉት፣ ተቃራኒን እየከበበ የሚያስጨንቅ የመከላከል ስልት ነበር፤ ለዚህ ስልት ደግሞ እንደ ጋሪ ፔይተን፣ እንደ ሾን ኬምፕና እንደ ኔት ማክሚላን ያሉ ፈጣን ልጆች ነበሩ። (እኚህ ረዳት በ2020 ስቶርምን ለዋንጫ ያበቁት የጋሪ ክሎፐንበርግ አባት ናቸው።) ካርል በሲያትል በጠቅላላው 384 አሸንፈው 150 ተሸነፉ። ስልትና ሰው ሲገጥም የሚሆነው ይህ ነው።

የዚያው አሰልጣኝ ውሳኔ ሲያስከፍልም አይተናል። በ1996 ፍጻሜ ከቺካጎ ጋር ስንገናኝ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጆርዳንን እንዲይዝ በዋናነት የተመደበው ፔይተን አልነበረም። ቺካጎ 3 ለ 0 መራ። ከ4ኛው ጨዋታ ጀምሮ ፔይተን ተመደበ፤ ሲያትል ሁለት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ6ኛው ዋንጫው ሄደ። ገና ከጅምሩ ቢሆንስ ኖሮ? ፔይተን እግሩን አሞት ስለነበር ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቢሆንም እዚህ ከተማ እስከ ዛሬ ይጠየቃል።

ሦስተኛው ማስረጃ ማክሚላን ናቸው። አሰልጣኝ ሆነው በ2004/05 ሶኒክስን ለ52 ድል አበቁና ወደ ጎረቤት ፖርትላንድ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ሶኒክስ ወደ 35 ድል ወረደ። «አያችሁ! አሰልጣኙ ነው!» ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፤ ፖርትላንድስ? ማክሚላን ከመምጣታቸው በፊት 27 ያሸነፈው ቡድን እሳቸው ሲመጡ 21 አሸነፈ። ሁለቱም ወረዱ! ቆይቶ ብራንደን ሮይን የመሰለ (የሲያትል ልጅ ነው) ተጫዋች ሲያገኙ በ2008/09 ወደ 54 ድል ወጡ።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ የአሰልጣኝ ድርሻ የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። እንደ ድምፅ ማጉያ ነው። ዝም ላለ ዘፋኝ ማጉያ ምን ይረባዋል? ጥሩ ዘፋኝም በተበላሸ ማጉያ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ስለዚህ «አሰልጣኝ ስንት በመቶ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ መልሱ የሚመካው በሚባዛው ነገር ላይ ነው።

ከአሰልጣኙ በላይ ያለው

የመጨረሻው የሶኒክስ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2006 የስታርባክሱ ሊቀ መንበር ሐዋርድ ሹልትዝ ቡድኑን ለኦክላሆማ ባለሀብቶች ሸጡት። (እኛ ኢትዮጵያውያን በዚያው ዓመት ከዚያው ኩባንያ ጋር በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ስም ክርክር ላይ ነበርን፤ እሱ እንኳ በ2007 በስምምነት አልቋል።) በ2007 በጋ ሬይ አለን ተሸጠ፤ ረሻርድ ሉዊስ ሄደ፤ የ18 ዓመቱ ኬቨን ዱራንት መጣ። ውጤቱ 20 ለ 62። በ2008 ቡድኑ ተነቅሎ ሄደ። ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 1 ለ 12 ሲጀምር አሰልጣኙ ፒ.ጄ. ካርሊሲሞ ተባረሩ፤ ስኮት ብሩክስ ተተክተው ቀሪውን 22 ለ 47 ጨረሱ። በቀጣዩ ዓመት ልጆቹ ሲጎረምሱ ያው ብሩክስ 50 ለ 32 ሆኑ።

በዚያ በ2008 ሲያትል ላይ የዓለም ምርጥ አሰልጣኝ ቢቀመጥ ቡድኑን ማስቀረት ይችል ነበርን? አይችልም። ውሳኔው ከእሱ በላይ ነበር። ሽንፈት በመጣ ቁጥር ግን የሚባረረው ባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤት ራሱን አያባርርም። አሥራ አምስት ተጫዋችን ውል አፍርሶ በአንድ ሌሊት መለወጥ አይቻልም። አሰልጣኙ ግን አንድ ሰው ነው፤ ማባረሩም የሚታይ እርምጃ ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ይህንን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቃ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን በትከሻችን ልንሸከማቸው ደርሰን ነበር። በዚያው ዓመት ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ የደርሶ መልስ ግጥሚያ ብቻ ሲቀረን በናይጄሪያ ተሸነፍን። በ2014 ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁ፤ ቡድኑ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በውበቱ አባተ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 2022 ነው። ዳውላውን ስንት ጊዜ መታነው? በ1962 ዋንጫውን አዲስ አበባ ያስቀሩት ይድነቃቸው ተሰማ ግን በሜዳ ዳር ብቻ የቆሙ አሰልጣኝ አልነበሩም፤ ተጫዋች የነበሩ፣ ፌዴሬሽን የገነቡ፣ በኋላም የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩ ሰው ነበሩ። አህያውን ራሱን የሚያሳድጉ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ከዓመታት በፊት የአንድ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን አመራር አባል ነበርኩ። አሰልጣኛችን ቀን ሥራ ውለው ማታ በዝናብ ሜዳ ላይ የሚቆሙ፣ አንድ ዶላር የማይከፈላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ 6 ጨዋታዎች 5ቱን ተሸነፍን። ስብሰባ ጠራን። «ዘመናዊ ስልት አያውቁም» ተባለ፤ እኔም እጄን አወጣሁ፤ አሰናበትናቸው። አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ከቀጣዮቹ 6 ጨዋታዎች 4ቱን አሸነፍን፤ እርስ በርሳችን ተመሰጋገንን። ወራት ካለፉ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ሁለቱ ምርጥ ልጆቻችን ታክሲ ነጂዎች ነበሩና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሥራ ፈረቃቸው ቅዳሜ ላይ ይወድቅ ነበር። ፈረቃው ተለወጠ፤ ውጤቱም ተለወጠ። በሙያዬ በየቀኑ የምጠይቀውን ጥያቄ፣ «ሌላ ምን አብሮ ተለወጠ?» የሚለውን፣ በሰው ስም ላይ ስፈርድ አልጠየቅሁትም። ሰውየውን በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ» አልኳቸው። «ተወው ልጄ፤ ልጆቹ ካሸነፉ ምን አለ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ስል መሪ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ንጽጽሩ የሚሰበርበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ድርሻ የተወሰነው ሌላው ነገር ሁሉ ከእሱ እጅ ውጭ ስለሆነ ነው፤ ሕጉን ሊጉ ያወጣል፣ ዳኛው ሌላ ነው፣ ገንዘቡ የባለቤቱ ነው። ቤንጃሚን ጆንስና ቤንጃሚን ኦልከን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2005 ባወጡት ጥናት፣ መሪዎች በሕመም ወይም በአደጋ በድንገት ሲሞቱ የአገራቸው ዕድገት ይለወጥ እንደሆነ መረመሩ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ሥልጣን ልጓም በሌለባቸው አገሮች ነው። የመሪ ክብደት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም ማለት ነው፤ ሥርዓቱ የሚወስነው ነው። አንድ ሰው አሰልጣኝም፣ ባለቤትም፣ ዳኛም በሆነበት ቦታ በእርግጥም ሁሉም ነገር እሱ ነው፤ መልካም ቢሆን በጎ ዕድል፣ ክፉ ቢሆን መከራ። በታሪካችን መሪ ሲለወጥ ሁሉ ነገር የሚናወጠው ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ በማኅበራችንም፣ በእድራችንም፣ በአገራችንም «ይውረድ!» ወይም «እሱ ከሌለ ጠፋን!» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ ደግ ነው። ሌላ ምን አብሮ ተለወጠ? ለመመዘን የሚበቃ ጊዜ ሰጥተነዋል? እውነተኛው ውሳኔ ያለውስ በማን እጅ ነው? ሦስቱን ጠይቀን መልሱ አሁንም መሪው ላይ ካረፈ፣ ያን ጊዜ እጃችንን እናውጣ። እኔ ያን ማታ ሳልጠይቅ ነው ያወጣሁት።

ቸር ይግጠመን።